በወረቀት ላይ ያለ ሰዓትና በጠረጴዛ ላይ ያለ ሰዓት
ስለ ላፕቶፕ መደበኛና ትልቅ ባትሪ የቀረበ ትችት

በተማሪዎች መካከል ላፕቶፕ ስለ መግዛት ምክክር በተጀመረ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» የሚለው ነው። ሻጩም ሳያመነታ አንድ ቍጥር ይጠራል፤ ገዢውም ያንኑ ቍጥር አምኖ ይሄዳል። መደበኛውን ባትሪ የያዘው ይህን ያህል፣ ትልቁን ባትሪ የያዘው ደግሞ ዕጥፍ ያህል ይሠራል ይባላል፤ ለዚህም ዕጥፍ ሰዓት ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቍጥር ከምን እንደሚመጣ መመርመር፣ በየዕለቱ ሥራ ላይ ሲውል ምን ያህሉ እውነት ሆኖ እንደሚቀር ማሳየት፣ በመጨረሻም ለተማሪ የሚበጀው የትኛው እንደ ሆነ ሐሳባችንን መግለጥ ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታያቸው ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ላፕቶፕ ለተማሪ ጌጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የቤተ ሰብ ቍጠባ ወጥቶበት የተገዛ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የሚጻፍበት ብቸኛ መሣሪያ ነው። ከመካከላችን አንዱ ጽሑፉን ለማስረከብ አንድ ሌሊት ሲቀረው መብራት ጠፋበት። ላፕቶፑ ከመቶ ዐርባ እጅ ያህል ኀይል እንዳለው ያሳይ ነበርና ተረጋግቶ መጻፉን ቀጠለ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ግን መሣሪያው በድንገት ጠፋ፤ ሳያስቀምጣቸው የቈዩት ገጾችም አብረው ሄዱ። ያ ባትሪ በተገዛ ጊዜ «ትልቁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይይዛል» ተብሎለት ነበር። ይህን ትችት እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው።

1. መለኪያው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ባትሪ የሚይዘው ኀይል የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ ዋት-ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚወስደውን መሣሪያ ለአንድ ሰዓት የሚያሠራ ኀይል ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ የሚሠራበት ሰዓት የሚገኘው የባትሪው ዋት-ሰዓት መሣሪያው በሚወስደው ዋት ሲካፈል ነው። ባትሪውን እንደ እንስራ ብንቈጥረው፣ ዋት-ሰዓቱ የውሃው ልክ ሲሆን ዋቱ ደግሞ ውሃው የሚቀዳበት ፍጥነት ነው። «ይህ እንስራ ውሃ ስንት ቀን ይበቃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ሳይነገር መልስ መስጠት አይቻልም። በሰዓት ብቻ የሚነገር የባትሪ ዋጋ እንግዲህ እንዲህ ያለ መልስ ነው።

ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የላፕቶፕ ባትሪ ሴል ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። በሰፊው የታወቀው ድብልብል ሴል ስፋቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ነው። «መደበኛ» እና «ትልቅ» የሚባለው ልዩነት በመሠረቱ የሴሎቹ ቍጥርና መጠን ልዩነት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም።

2. ለማነጻጸር የተመረጠው መሣሪያ

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የታወቀ መሣሪያ መርጠናል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። የመረጥንበት ምክንያት መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ባትሪው ግን በመጠኑ የተለያየ ሆኖ መሸጡ ነው። በውስጡ 24 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የማይነቀል ባትሪ አለው፤ ከኋላው ደግሞ የሚነቀልና የሚተካ ሌላ ባትሪ ይገጠምለታል። የኋላው 24፣ 48 ወይም 72 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሹን ከኋላ የገጠመ ተማሪ በጠቅላላው 48 ዋት-ሰዓት፣ ትልቁን የገጠመ ደግሞ 96 ዋት-ሰዓት ይኖረዋል። ይህ በትክክል ዕጥፍ ነው፤ ለንጽጽርም ከዚህ የተሻለ የሚመች የለም።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ተጠቃሚ እናስብ። የመጀመሪያው ስክሪኑን አደብዝዞ ጽሑፍ የሚያነብ ነው፤ መሣሪያው 6 ዋት ይወስዳል እንበል። ሁለተኛው ዋይፋይ ከፍቶ፣ ብዙ ገጾችን ዘርግቶ፣ ስክሪኑን አብርቶ የሚጽፍ ነው፤ 12 ዋት ይውሰድ። ሦስተኛው በቪዲዮ የሚነጋገር ወይም ከባድ ስሌት የሚያሠራ ነው፤ 24 ዋት ይውሰድ። በመደበኛው ባትሪ አንባቢው 8 ሰዓት፣ ጸሓፊው 4 ሰዓት፣ ከባድ ሥራ ያለው ደግሞ 2 ሰዓት ያገኛል። በትልቁ ባትሪ አንባቢው 16፣ ጸሓፊው 8፣ ሦስተኛው 4 ሰዓት ያገኛል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ዕጥፍነቱ በሁሉም ዘንድ እውነት ነው፤ ሻጩ በዚህ አልዋሸም። ሁለተኛ ግን፣ የተጨመረው ሰዓት እኩል አይደለም። ለአንባቢው 8 ሰዓት ሲጨመርለት፣ ከባድ ሥራ ላለው የሚጨመርለት 2 ሰዓት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ትልቁ ባትሪ እጅግ ብዙ ሰዓት የሚሰጠው ብዙ ሰዓት ለማያስፈልገው ነው። ማስታወቂያም የሚጽፈው የአንባቢውን ሰዓት እንጂ የሦስተኛውን አይደለም፤ ገንዘቡን አውጥቶ ትልቁን ባትሪ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ሦስተኛው ነው።

ሌላም ነገር እናስተውል። በትልቁ ባትሪ 12 ዋት እየወሰደ የሚጽፈውና በመደበኛው ባትሪ 6 ዋት እየወሰደ የሚያነበው ሁለቱም 8 ሰዓት ይሠራሉ። የመሣሪያውን ፍጆታ በግማሽ የቀነሰ ሰው ያለ አንዳች ወጪ ባትሪውን ዐጥፎታል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሥራው ከባድ የሆነ ሁሉ ፍጆታውን በግማሽ ሊቀንስ አይችልም። ይሁን እንጂ በቀላል ሥራ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ኀይል ከሚወስዱት አንዱ የስክሪን ብርሃን ስለ ሆነ፣ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው የሚያባክነው ሰዓት ጥቂት አይደለም።

3. ስለ አምራቾች ፈተና

አምራቾች ሰዓቱን ከምንም ተነሥተው አይጽፉም፤ ፈተና አላቸው። ጥያቄው ፈተናው የማንን ቀን ይመስላል? የሚለው ነው። ለብዙ ጊዜ የላፕቶፕ ባትሪ ከተመዘነባቸው ፈተናዎች አንዱ ባፕኮ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ያወጣው ሞባይልማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ ሞባይልማርክ 2007 የተባለውን እትም በግልጥ ነቀፈ፤ ስክሪኑ እጅግ ደብዝዞ፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ ፕሮሰሰሩም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ የሚገኝ ሰዓት የሰውን እውነተኛ ሥራ አያሳይም ሲል ተከራከረ። ኤኤምዲ የኢንቴል ተወዳዳሪ ስለ ነበረ በክርክሩ የራሱ ጥቅም እንደ ነበረው አይካድም። ሆኖም ተከራካሪው ጥቅም ስላለው ብቻ ክርክሩ ውሸት አይሆንም። ፈተናው ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ታድሷል፤ ነገር ግን ማንኛውም ፈተና አንድን የተወሰነ አሠራር መርጦ ያን እንደሚለካ መዘንጋት የለበትም።

የአፕል ኩባንያን ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ኤም1 ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር 49.9 ዋት-ሰዓት ባትሪ አለው። ኩባንያው በዋይፋይ ድረ ገጽ ሲታይበት እስከ 15 ሰዓት፣ ፊልም ሲታይበት ደግሞ እስከ 18 ሰዓት ይሠራል ብሏል። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ባትሪ፣ ሁለት ቍጥር! ብናካፍለው የመጀመሪያው በአማካይ 3.3 ዋት፣ ሁለተኛው 2.8 ዋት ያህል ነው። ኩባንያው በግርጌ በደቃቅ ፊደል እንደ ገለጠው ፈተናው የተደረገው የስክሪኑ ብርሃን ከታች ስምንት ጊዜ ብቻ ከፍ ተደርጎ ነው። ደረጃዎቹ 16 ናቸውና ይህ እኩሌታው ነው። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ተማሪ በእኩሌታ ብርሃን ይሠራል ማለት ያስቸግራል። አምራቹ አላታለለም፤ ሁኔታውን ጽፏል። ነገር ግን 18 የሚለው ቍጥር በትልቅ ፊደል፣ ሁኔታው በትንሽ ፊደል ስለ ተጻፈ፣ በሰው አእምሮ የሚቀረው ቍጥሩ ብቻ ነው።

ከዚህ መሣሪያ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወጣው፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ባትሪ ያው 49.9 ዋት-ሰዓት ነበር፤ በዋይፋይ ድረ ገጽ ለማየት የተነገረለት ግን እስከ 11 ሰዓት ነው። ባትሪው በአንዲት ዋት-ሰዓት እንኳ ሳይጨምር የተነገረው ሰዓት ከ11 ወደ 15 ከፍ አለ። ጭማሪው የመጣው ከገቢው ሳይሆን ከወጪው በኩል ነው። ስለዚህ «ትልቅ ባትሪ ያለው ይበልጣል» የሚለው የገበያ አባባል ብቻውን ሲቆም ትክክል አይደለም። ባትሪን ከባትሪ ማወዳደር የሚቻለው መሣሪያውና አሠራሩ አንድ ሲሆን ነው።

4. ዕድሜ ሲጨመርበት

እስካሁን የተናገርነው ስለ አዲስ ባትሪ ነው። ከእኛ መካከል አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው ያገለገለ ይገዛል። የሊቲየም አዮን ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል፤ በመሞላትና በመራገፍ፣ እንዲሁም ያለ ሥራ ተቀምጦ እንኳ በጊዜ ብዛት። ሙቀትና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቈየት እርጅናውን ያፋጥኑታል። በተለምዶ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ ከመጀመሪያው ኀይሉ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ይቀራል ተብሎ ይታሰባል፤ ለ1,000 ጊዜ የታቀዱም አሉ።

የመረጥነውን ቲ480 በዚህ እንየው። መሣሪያው አስቀድሞ የሚጠቀመው የኋላውን ባትሪ ነው። በቀን 36 ዋት-ሰዓት ከባትሪ የሚወስድ ተማሪ ቢኖር፣ 24ቱን የገጠመው በየቀኑ የኋላውን ጨርሶ ያራግፋል፤ ከውስጠኛውም ግማሹን ይወስዳል። 72ቱን የገጠመው ግን የኋላውን ባትሪ በየቀኑ ግማሹን ብቻ ይጠቀማል፤ የውስጠኛውን አይነካም። ስለዚህ 500 ጊዜ የሚባለው ልክ ለመጀመሪያው በ500 ቀን ሲደርስ፣ ለሁለተኛው በ1,000 ቀን ይደርሳል። በጊዜ ብዛት የሚመጣውን እርጅና ሁለቱም እኩል ይካፈሉታል፤ በሥራ ብዛት የሚመጣውን ግን ትልቁ ባትሪ በግማሽ ያቀለዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ቲንክፓድን በመሰሉ ላፕቶፖች ባትሪው ከመቶ 80 ሲደርስ መሞላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። ይህ ዕድሜውን ያረዝመዋል። መደበኛው ባትሪ ያለው ተማሪ ይህን ቢያደርግ ከ48ቱ 38.4 ዋት-ሰዓት ይቀርለታል፤ 12 ዋት ለሚወስደው ጸሓፊ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ማለት ነው፤ ብዙው ተማሪ ይህን አይደፍርም። ትልቁ ባትሪ ያለው ግን ይህንኑ ቢያደርግ 76.8 ዋት-ሰዓት ይቀርለታል፤ 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሠራል። እንደ እኛ አስተያየት የትልቁ ባትሪ እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው። ማስታወቂያው ስለ ሰዓት ይናገራል፤ ጥቅሙ ግን መጠባበቂያ ነው። ጐተራው ሰፊ የሆነ ገበሬ ዘሩን ሳይነካ ክረምቱን እንደሚያልፍ፣ ትልቅ ባትሪ ያለውም እስከ መጨረሻው ሳያራግፍና እስከ አፉ ሳይሞላ ይኖራል።

የወንድማችን ላፕቶፕ ከመቶ ዐርባ እጅ እያሳየ የጠፋበትም ምክንያት ከዚሁ ከእርጅና የመጣ ነው። ያረጀ ሴል የያዘው ኀይል ማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ተቃውሞ ስለሚጨምር መሣሪያው በድንገት ብዙ ኀይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። ቮልቴጁ ከተወሰነው ልክ በታች ሲሆን መሣሪያው ራሱን ያጠፋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከመቶ የሚሰላ ቍጥር ግምት ነው፤ ግምቱም ባትሪው ባረጀ መጠን እየሳተ ይሄዳል። ትልቅነት ከዚህ አያድንም፤ ያረጀ ትልቅ ባትሪ አዲስ ትንሽ ባትሪን ላያህል ይችላል።

5. ስለ ክብደትና ስለ ሌሎች ወጪዎች

ትልቁ ባትሪ በነጻ አይመጣም። ባለ 72 ዋት-ሰዓቱ በውስጡ ስድስት ሴሎች አሉት፤ ሴሎቹ ብቻቸውን ከሩብ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ከላፕቶፑም ሥር ወደ ታች ስለሚወጣ መሣሪያውን ከጠረጴዛው ከፍ ያደርገዋል። ከመኝታ ክፍል ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍት ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ተሸክሞ ለሚመላለስ ሰው ይህ ጥቂት አይደለም። በአውሮፕላን ይዘውት ለሚጓዙ ደግሞ፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ሲፈቀድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የላፕቶፕ ባትሪዎች 100 ሳይሞሉ የሚቆሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ትልቁን ባትሪ ከመግዛት ይልቅ ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ በቦርሳ መያዝ ይሻላል የሚሉ አሉ። በቲ480 ይህ ይቻላል፤ የውስጠኛው ባትሪ ሥራውን ስለሚይዝ የኋላው መሣሪያው ሳይጠፋ ይለወጣል። ይህ ሐሳብ መልካም ቢሆንም አንድ ጕድለት አለው፤ ሁለቱን ባትሪዎች በየተራ እየገጠሙ መሙላት ግድ ነው፤ መብራት በማይታመንበት ሌሊት አንዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በአሁኑ ጊዜ ከሚሠሩት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ ባትሪያቸው ከውስጥ የታሸገ ስለ ሆነ ይህ ምርጫ የላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎችን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊተካው እንዲችል ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲደረግ መወሰኑ ጕዳዩ ከተማሪ ጭውውት ያለፈ መሆኑን ያሳያል።

6. የነገሩ ማጠቃለያ

ሁለት ወገኖችን ሰምተናል። አንዱ ወገን ትልቁ ባትሪ ሁሉን ይፈታል ይላል፤ ሌላው ወገን ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ሁለቱም አልተቀበልናቸውም። የመጀመሪያው ወገን ወጪውን ሳያይ ገቢውን ብቻ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የዛሬውን ሰዓት እንጂ የከርሞውን አያይም።

የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ቀኑን ሙሉ ሶኬት አጠገብ የሚውልና መብራት እምብዛም የማይጠፋበት ተማሪ በመደበኛው ባትሪ ይብቃው፤ የስክሪኑን ብርሃን መግዛት ከቻለ ብዙ ያተርፋል። መብራት በሚቈራረጥበት ስፍራ የሚኖር፣ ወይም ሥራው እንዲቋረጥ የማይፈቅድ ተማሪ ግን ትልቁን ቢገዛ አይነቀፍም፤ የሚገዛው ግን ስለ ተነገረው ሰዓት ሳይሆን ስለ መጠባበቂያው ይሁን። ያገለገለ ለሚገዛ ሁሉ ደግሞ ከስሙ ይልቅ ሁኔታው ይብለጥበት። በዊንዶውስ ላይ «ፓወርሲኤፍጂ» በተባለው ትእዛዝ የባትሪ ዘገባ ይወጣል፤ ዘገባው ባትሪው በተሠራ ጊዜ ይይዝ የነበረውንና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን ጐን ለጐን ያሳያል። ሁለቱን ቍጥሮች ማካፈል የማይችል ተማሪ በመካከላችን የለም። ተመሳስለው የተሠሩ ባትሪዎች በላያቸው የተጻፈውን ላይዙ ስለሚችሉ፣ ዘገባውን ካዩ በኋላም በቻርጀር ሳይሰኩ ለጥቂት ጊዜ በከባድ ሥራ መሞከር ያስፈልጋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በችኰላ፣ በሻጭ ቃል ብቻ የተገዛ ባትሪም የሚፈታው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ወንድማችን ያን ሌሊት የጠፉትን ገጾች በማግስቱ ከሰው በተዋሰው ላፕቶፕ እንደ ገና ጻፋቸው፤ ጽሑፉንም ሁለት ቀን ዘግይቶ አስረከበ። በመዘግየቱ የተቀነሰበትን ነጥብ ማንም አልመለሰለትም፤ ባትሪውን የሸጠለትም ሰው ቃሉን አልጠየቁትም። ስለዚህ ከእንግዲህ «ስንት ሰዓት ይይዛል?» ከማለት ይልቅ «ስንት ዋት-ሰዓት ይዞ ተሠራ? ዛሬስ ስንት ቀረው? እኔ ስንት ዋት እወስዳለሁ?» ብለን እንድንጠይቅ ጓደኞቻችንን እንመክራለን። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ መምህርም ሆነ ተማሪ ቢያርመን በምስጋና እንቀበላለን።